የኦቦ ፈየራ ቢጫ ፎቶ

ጎፋ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት አንድ ቅያስ ገባ ብሎ፣ ሙሄ የሚባል ፎቶ አንሺ አለ። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሙያ ጓደኞቹ ሁሉ ቤታቸውን ወደ ጉርድ ፎቶና ኮፒ ማንሻ ሲለውጡ እሱ ጨለማ ክፍሉን አላፈረሰም። ለብዙ ዓመት ሰው በአዘኔታ ሲያየው ኖሮ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወጣቶች «እንደ ድሮው በፊልም፣ ጥቁርና ነጭ አንሳን» እያሉ መምጣት ጀመሩ። ከዚያ ሙሽሮች ተከተሉ። ሙሄም ይህ ቀን እንደሚመጣ ድሮውኑ እንደሚያውቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ መራመድ ጀመረ።

ችግሩ ወረቀቱ ነበር። ሙሄ የሚያትምበት የፎቶ ወረቀት ድሮ በካርቶን ገዝቶ ያስቀመጠው፣ ጊዜው ያለፈበት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ምስሉን በሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ሲነከር፣ በላዩ የተቀባው ብር፣ ያ የጆሮ ጌጥ የሚሠራበት ብር ማለት ነው፣ ይባልግበታል። ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ብቻ መጥቆር ሲገባው ነጩም ላይ ይንሳፈፋል፤ ፎቶው ይደፈርሳል፣ ይገረጣል፣ ቀን በቆየ ቁጥር ቢጫ ይሆናል። ይህን የሚከለክል አንድ ነጭ ዱቄት አለ። ስሙ ቤንዞትሪያዞል ነው። ሙሄ ግን ስሙን ሲጠራ ምላሱ ስለሚተሳሰርበት «ዘበኛው» ይለዋል። በሻይ ማንኪያ ጫፍ የምትነሳ ዘበኛ መድኃኒቱ ውስጥ ከገባች ብሩ ቦታውን ያውቃል፣ ነጩም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዘበኛው የሚቀመጠው ሙሄ በራሱ እጅ «አይነካ» ብሎ በጻፈበት ቡናማ ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለሊሴ የምትባል፣ ሀይሌ ጋርመንት ላይ የሞባይል ቤት ያላት ልጅ አባቷን ይዛ መጣች። አባቷ ኦቦ ፈየራ ሀና ማርያም አካባቢ ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እርሻቸው በዙሪያቸው ከተማ ሲሆን ቁጭ ብለው ያዩ ሰው ናቸው። አሁን ግቢያቸው ውስጥ አራት ላሞችና የሚከራዩ ጥቂት ክፍሎች አሏቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያውቁት ሰው ሲጠይቁ ብቻ ነው። ለሊሴ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንዲወጣላቸው ፈለገች።

ኦቦ ፈየራ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አጥብቀው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ሙሄ ፈገግ እንዲሉ ለመናቸው። እሳቸው ግን ፎቶ ላይ የሚስቅ ሰው መሬቱን ሸጦ የመጣ ይመስላል ብለው እምቢ አሉ። ፎቶው ኮስተር ብለው ተነሳ።

በማግስቱ ሙሄ ሊያትም ጨለማ ክፍል ገብቶ ብልቃጡን ከመደርደሪያው አጣው። ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። መኖሪያ ቤቱ ከስቱዲዮው ጀርባ ስለሆነ በሆነ ምክንያት ወደዚያ ሄዶ እንደሆነ ብሎ ሲገባ፣ ብልቃጡን ኩሽና ቁም ሳጥን አናት ላይ አገኘው። ባለቤቱ ቀመሪያ ለሰፈሩ ሱቆች ኬክና ብስኩት በትእዛዝ ትሠራለች፤ በዚያ ሰዓት ለደንበኛ ልታደርስ ወጥታ ነበር። ሙሄ ለብቻው እያጉረመረመ ብልቃጡን አቅፎ ተመለሰ። ከፍቶ ሲያየው ዱቄቱ ከሚያስታውሰው ይልቅ የላመ መሰለው። ዕድሜ ያልማል ብሎ በማንኪያ ጫፍ አነሳና ጨመረ።

በጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት ሥር ኦቦ ፈየራ ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብለው ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ ባርኔጣው፣ ከዚያ ቅንድቡ፣ ከዚያ ቁጣው። ሙሄ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ እንዳላተመ ተሰማው። ቀይ መብራት ግን አንድ ነገር ይደብቃል፤ በእሱ ሥር ቢጫና ነጭ አይለዩም። ጠዋት ፎቶው ደርቆ ሲያየው ትንሽ ገርጣ ያለ ነገር ነበረው። ሙሄ ይኸማ ሙቀት ነው፣ ለፎቶ ነፍስ ይሰጠዋል ብሎ ራሱን አሳምኖ ፍሬም ውስጥ ከተተው።

ፎቶው ኦቦ ፈየራ ሳሎን፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተሰቀለ። በሳምንቱ ጋቢው ቅቤ የፈሰሰበት መሰለ። በሁለተኛው ሳምንት ፊቱ ተከተለ፤ በመጨረሻም የዓይናቸው ነጭ። አንድ ቀን ለጥየቃ የመጣች ዘመዳቸው ፎቶውን ቀና ብላ አየችና ሻይዋን አስቀመጠች። ለሊሴን ወደ ጓሮ ጠርታ የአባትሽ ዓይን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው፣ ይኸማ የወፍ በሽታ ነው አለቻት። በሩ ክፍት ስለነበረ ኦቦ ፈየራ ሰሙ። ተነስተው ፎቶው ፊት ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ከዚያ ሄደው ተኙ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጎናቸውን ወጋቸው። ቅቤ ሸተታቸው፣ ሥጋ አስጠላቸው፣ ከገብስ አጥሚትና ከሸንኮራ በቀር አልቀምስም አሉ። ማክሰኞ ዕለት ለሊሴ በግድ ክሊኒክ ወስዳ ደማቸውን አስመረመረች። ሐኪሙ ጉበታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ጉበት እንደሆነ ነግሮ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። ኦቦ ፈየራ ወረቀቱን አጥፈው ትራሳቸው ሥር አኖሩትና ሐኪሙ ገና ልጅ ነው አሉ። ደም የሚነግረው የዛሬን ነው፤ ፎቶ ግን የሚመጣውን አይቷል ብለው ደመደሙ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጎረቤታቸውን ኢታናን አስጠሩ። ኢታና ከእሳቸው ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰን፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ ዶሮ አርቢ ነው። ኦቦ ፈየራ ለሊሴ ባለችበት እጁን ይዘው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ እሱ ለሠርግ አገር ቤት በሄደበት ሰሞን፣ የወሰኑን ድንጋይ ግማሽ ሜትር ወደሱ ግቢ የገፉት እሳቸው መሆናቸውን ተናዘዙ። ኢታና አለቀሰ። ይቅር ብያለሁ አለ። በማግስቱ ማለዳ ድንጋዩን ወደ ጥንቱ ቦታው መልሶ በተገኘችው ግማሽ ሜትር ላይ የዶሮ ቤት መሥራት ጀመረ።

ለሊሴ ግራ ሲገባት ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ይዛ ሙሄ ዘንድ መጣች። ሙሄ ልትከሰው የመጣች መስሎት ሰበብ ሲያዘጋጅ እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ ካሜራው አባቷ ላይ ያየውን በሽታ እሷም ላይ ካለ እንዲያይላት ጠየቀችው። ሙሄ ይህን የመሰለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። ካሜራ በሽታ አያይም ሊላት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቢጫውን ፎቶ በፀሐይ ብርሃን አየና ዘጋው። ባለፈው ጊዜ «ሙቀት» ያለው ነገር አሁን ወደ እርድ ተለውጧል። መድኃኒቱ እንደሆነ እንደ ወትሮው ነው፤ ወረቀቱም ያው ነው፤ ዘበኛውንም በገዛ እጁ ጨምሯል። ታዲያ ሰውየው ካልሆኑ ማን ቢጫ ሆነ?

ለሊሴን አነሳት፣ አተማትም። ሲደርቅ ቢጫ ነበረች።

ሙሄ ፎቶውን ከመደርደሪያው ጀርባ ሸጎጠው። ለእሷ ፎቶው ገና አልደረሰም ብሎ ከሸኛት በኋላ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ራሱን አነሳ። እሱም ቢጫ። እንዲያውም ከሁሉም የባሰ ቢጫ፤ አገጩ አካባቢ እንደ በሰለ ማንጎ። ይኼኔ ጎኑን አንድ ነገር ቀስፎ ያዘው። ወደ ቤት ገብቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሶፋ ላይ ተጋደመ።

ቀመሪያ ትእዛዟን አድርሳ ስትመለስ ባሏ እንደዚያ ሆኖ አገኘችው። በተዳከመ ድምፅ ለልጆቻቸው ስልክ እንድትደውል፣ ካሜራዎቹንም ለማንም እንዳትሰጥ ተናዘዘላት። እሷ ግንባሩን ዳሰሰች፤ አይተኩስም። ምላስህን አውጣ አለችው፤ ደህና ነው። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ፎቶውን ዘረጋላት።

«ሙሄ» አለችው፣ «ከአንተ ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። አንተ ጥቁር ነህ።»

«ፎቶው ግን...»

«ፎቶውን እኔ አላገባሁም።»

ቀጥ ብላ ጨለማ ክፍል ገብታ ቀዩን ሳይሆን ነጩን መብራት አበራች። መጀመሪያ ያየችው ጉንዳን ነው። ከበሩ ሥር ተነስተው፣ ግድግዳውን ተከትለው፣ በመደርደሪያው እግር ሽቅብ ወጥተው፣ ሠርገኛ ይመስል አንድ ቡናማ ብልቃጥ ከበዋል። ብልቃጡ ላይ «አይነካ» ይላል። ቀመሪያ ብልቃጡን አወቀችው። ጉንዳኑን አራግፋ ይዛው ወጣችና ኬክ ላይ የምትነሰንሰውን የላመ ስኳሯን ወሩን ሙሉ ስትፈልግ እንደከረመች ነገረችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘበኛው ያለቀው ኦቦ ፈየራ ከመምጣታቸው በፊት በተሠራው የመጨረሻ ሥራ ላይ ነበር። ባዶ ብልቃጡን ራሱ ሙሄ ጓሮ አውጥቶ ጥሎ ረስቶት ነበር። ቀመሪያ ከጓሮ አንስታ ሦስት ጊዜ ቀቅላ ስታበቃ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ ስኳሩን እንዳይልሱ የሚከለክል ዕቃ ያስፈልጋት ስለነበረ፣ ጽሑፉን አይታ መረጠችው። ከዚያ ውስጥ ገና አንድ ማንኪያ ሳትወስድ ነው ሙሄ ዘበኛዬ ነው ብሎ ጠልፎ የሄደው።

ሙሄ ብርድ ልብሱን ጥሎ ተነሳ። ጎኑ መውጋቱን አቆመ። በመጀመሪያ የተናገረው የፎቶ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ውስጥ የሚበላ ነገር እንደማይገባ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቢቀቀልም፣ ሠላሳ ጊዜ ቢቀቀልም። ቀመሪያ በዚህ አልተከራከረችውም። ስኳሩን ደፋች፤ ብልቃጡንም ሰበረችው። ከዚያ ኦቦ ፈየራ ዘንድ ሄዶ እውነቱን እንዲናገር ነገረችው። ሙሄ ባዶ እጁን ቢሄድ ሽማግሌው እንደማያምኑት ያውቃል፤ ከዚያው ፊልም፣ በዚያው ወረቀት፣ ነጩ ነጭ የሆነ ፎቶ ይዞ መሄድ አለበት። ለዚህ ደግሞ እውነተኛው ዘበኛ ያስፈልጋል፤ ከውጭ አገር እስኪመጣ ኦቦ ፈየራ በአጥሚት ያልቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ዱቄት እንዳለው ሙሄ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ሙሴ።

ሙሴ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ስቱዲዮ ያለው የሙሄ የዕድሜ እኩያና የጥንት ጓደኛ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። አንድ ሠርግ ላይ ሙሄ በሙሽራው ወገን፣ ሙሴ በሙሽሪት ወገን ተቀጥረው ነበር። ቀለበቱ ሲታሰር ሁለቱም ከፍ ብለው ለማንሳት አንድ ወንበር ላይ ወጡ። ወንበሩ ተሰበረ፤ እነሱም በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ወደቁ፤ ድንኳኑም በሚዜዎቹ ላይ ወደቀ። ወንበሩን የሰበረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ሙሄ ብቻዬን አልሄድም ስላለ ቀመሪያ አብራው ታክሲ ተሳፈረች። ሙሴ በር ላይ ሲያያቸው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ቀመሪያ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። ወሬዋ ስኳሩ ላይ ሲደርስ ሙሴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲረጋጋ ዘበኛው እንዳለው፣ ሊሰጥም ፈቃደኛ እንደሆነ፣ ነገር ግን ሙሄ በቅድሚያ ወንበሩን የሰበረው እሱ መሆኑን ማመን እንዳለበት ተናገረ። ሙሄ ወንበሩ ቀድሞውኑም የላላ ነበር አለ። ሙሴ ከመውጣቴ በፊት እግሩን ነካክቼዋለሁ፣ ጠንካራ ነበር አለ። ክርክሩ ከሰባት ዓመት በፊት ካቆመበት ቀጠለ።

«ያን ጊዜ ሁለታችሁም ዘጠና ዘጠና ኪሎ ነበራችሁ» አለች ቀመሪያ። «ጥፋቱ የወንበሩ ነው። እዚያ ሰፈር አንድ ሽማግሌ በረሃብ ሊሞቱ ነው።»

ወንበሩ ጥፋተኛ ተባለ። ሙሴ ብልቃጡን ከመሳቢያ አወጣ፤ ለሙሄ ግን አልሰጠውም። ስኳርና መድኃኒት ለማይለይ ሰው እጅ አልሰጥም ብሎ ራሱ ይዞት ተከተላቸው። ሁለቱ ጎፋ ጨለማ ክፍል ገብተው ቆዩ። ቀመሪያ ከውጭ ስትሰማ መጀመሪያ ሲጨቃጨቁ ነበር፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ በኋላ ሳቅ መጣ። ይዘውት የወጡት ፎቶ ላይ ጋቢው እንደ በረዶ ነጭ፣ ባርኔጣው እንደ ከሰል ጥቁር፣ የኦቦ ፈየራም ዓይን ንጹሕ ነበር።

ሦስቱ ተያይዘው ሀና ማርያም ሲደርሱ ኦቦ ፈየራ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ነበር። ከአጥሚቱ ጋር አሥራ አንደኛ ቀናቸው ነው። ኢታናም አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ድንጋዩ ከተመለሰ ወዲህ በቀን ሁለቴ እየመጣ ይጠይቃቸዋል። ለሊሴ ወንበር አቀረበች። ሙሄ አልተቀመጠም። ነጩን ፎቶ ከቢጫው ጎን አቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኦቦ ፈየራ፣ እርስዎ ምንም የለብዎትም። ቢጫ የሆነው ፎቶው ነው። በመድኃኒቱ ዱቄት ፈንታ የባለቤቴን ስኳር ጨምሬበት ነው። ሁለቱም ፎቶ የወጡት ያን ቀን ከተነሳው ከአንዱ ፊልም ነው።»

ኦቦ ፈየራ ሁለቱን ፎቶ ተራ በተራ አዩ። እየተጠጉ አዩ። ከዘራው አንድ ነው፣ የጋቢው ጥለት አንድ ነው፣ ኮስታራነቱም አንድ ነው።

«ስንት ማንኪያ ነው የጨመርከው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የማንኪያ ጫፍ ነው።»

«በማንኪያ ጫፍ ስኳር ነው አሥራ አንድ ቀን ቅቤ ያጣሁት?»

ሙሄ ራሱን ዝቅ አደረገ። እሱም ቢጫ ሆኖ ራሱን አይቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ እንደነበረ፣ ጎኑንም እንደወጋው ነገራቸው። ይህ ሽማግሌውን ከይቅርታው ይልቅ ደስ አሰኛቸው፤ የቱ ጎኑን እንደሆነ ጠየቁት። ቀኙን ሲላቸው የእሳቸውም ቀኙ እንደነበር ነግረውት ለጥቂት ጊዜ ሕመሙ እንዴት እንደሚወጋ አወሩ። ከዚያ ለሊሴን ጠርተው ቤት ውስጥ ቅቤ ያለበት ነገር ሁሉ እንዲመጣ አዘዙ።

እየበሉ ሳሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጉርሻቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ኢታና ዞሩ። ያ ባለፈው የተባለው የድንጋዩ ነገር የታመመ ሰው ንግግር እንደነበረ፣ የታመመ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር እንደሚቀባጥር አስረዱት። ኢታና በትህትና ሰማቸው። ሲጨርሱ ከበርጩማው ተነስቶ እጁን ትራሳቸው ሥር ሰደደና የክሊኒኩን ወረቀት አውጥቶ ለሊሴ እንድታነበው ሰጣት። ለሊሴ አነበበች፤ ሙሉ ጤነኛ ናቸው ይላል። ቀኑንም አነበበች፤ ማክሰኞ ነው።

«የተናዘዙልኝ ሐሙስ ነው» አለ ኢታና። «በሙሉ ጤናዎ።»

ሙሴ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ኦቦ ፈየራ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ እንደማይችሉ እያወቁ ገልብጠው አዩት። ሐኪሙ ልጅ ነው ሊሉ አሰቡ፤ እንዲያ ካሉ ግን እንደገና ታመው ወደ አጥሚቱ ሊመለሱ ነው። መጨረሻ ላይ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቁም ከዚያ ወደ ላይ መጣ። ፎቶ ላይ ያልሳቁት ሰውዬ ጋቢያቸው አፋቸው ላይ እስኪደርስ ሳቁ። ሙሄ ካሜራ ስላልያዘ ተቆጨ።

ነጩ ፎቶ በዚያው ዕለት ተሰቀለ። ለሊሴም ነጭ ፎቶዋን በሳምንቱ ወሰደች። ሙሴ ዱቄቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለሙሄ ሲተውለት ብልቃጡ ላይ ትልቅ አድርጎ «ስኳር አይደለም» ብሎ ጻፈበት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ያትማሉ፤ ቀመሪያ ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቆማ እየተጣሉ መሆናቸውን ካላረጋገጠች ሻይ አታስገባላቸውም፤ ዝም ካሉ አንድ ነገር አበላሽተዋል ማለት ነው ትላለች።

የኢታና ዶሮ ቤት አልቆ ዶሮዎቹ ገቡበት። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት እንቁላል በሳህን አድርጎ ለኦቦ ፈየራ ላከ። ለሊሴ በቅቤ ጠብሳ አቀረበችላቸው። እሳቸው እየበሉ፣ ዶሮዎቹ እንቁላሉን የጣሉት በየትኛው የዶሮ ቤቱ ወገን እንደሆነ ጠየቋት። ለሊሴ እንዳልጠየቀች ነገረቻቸው። ኦቦ ፈየራ ነገ እንድትጠይቅ አሳስበው ሦስተኛውን እንቁላል አነሱ።